«ግፊቱ ደህና ነው»፦ ስለ ሾክ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ለአስታማሚ «በሽተኛው ሾክ ውስጥ ነው» ስል ብዙ ጊዜ የማገኘው መልስ «ምን አስደንግጦት ነው?» የሚል ነው። አልፈርድባቸውም። ሾክ ሲባል ሰው የሚመጣለት ወይ ድንጋጤ ነው፣ ወይ ኤሌክትሪክ። በሕክምና ግን ሾክ የሚባለው ደም ለሰውነት ክፍሎች የሚበቃ ኦክስጅን ማድረስ ሲያቅተው ነው። ደሙ ፈሶ ሊሆን ይችላል፣ ልብ መርጨት አቅቶት፣ የደም ሥሮች በኢንፌክሽን ወይም በአለርጂ ላልተው፣ አልያም የረጋ ደም የሳንባን መንገድ ዘግቶ። ቶሎ ካልተደረሰለት ኩላሊት፣ ሳንባና ጉበት እየተከታተሉ ሥራ ያቆማሉ። ከዚህ በታች ያሉትን አባባሎች የሰማኋቸው ከአስታማሚ ብቻ አይደለም፤ ነጭ ጋውን ከለበሰም ሰምቻለሁ፣ አንዳንዱንም ጀማሪ ሳለሁ ራሴ ብዬዋለሁ።

«ግፊቱ 110 ነው፣ ደህና ነው»

እኔን ከሁሉም የሚያስፈራኝ ይሄ ነው። ጤነኛ ወጣት ከደሙ 30 በመቶ ገደማ፣ ማለትም 1 ሊትር ተኩል ያህል፣ እስኪያጣ የላይኛው የደም ግፊቱ ላይወርድ ይችላል። ሰውነት ደሙን ከእጅና ከእግር ሰብስቦ ለልብና ለአንጎል ይልካል፣ ልብም ይፈጥናል። ግፊቱ የሚወርደው ይህ ብልሃት ሲያልቅበት ነው። ያኔ ደግሞ ብዙ ሰዓት ባክኗል።

አንድ ሌሊት ርክክብ ላይ «የ6 ቁጥሯ አራስ ሰላም ናት፣ ግፊቷ 110 በ70» ተብዬ ተረከብኩ። ቤተሰብ በርዷታል ብሎ ሁለት ጋቢ እስከ አገጯ ደርቦላታል። እጇን ስይዝ እንደ ውኃ ቀዝቅዟል፣ ላብም አለው። የልብ ምቷ 118። ጋቢውን ስገልጥ ፍራሹ በደም ርሷል። ማሽኑ አልዋሸም፤ የዋሸው ቁጥሩን ብቻ አይቶ ማለፍ ነው። የልብ ምቱን ለላይኛው ግፊት አካፍሉት፤ የወለደች እናት ላይ ከ0.9 በላይ ከሆነ ሰው ይጠራ። የእሷ ከ1 በላይ ነበር። ማህፀኗ እየታሸ ማህፀን የሚያኮማትረው ኦክሲቶሲን ተሰጣት፣ የረጋው ደም እንዳይሟሟ የሚያደርገው ትራኔክሳሚክ አሲድም ተጨመረ (ይሄ መድኃኒት የሚጠቅመው ከወሊድ በኋላ ባሉት 3 ሰዓታት ውስጥ ሲሰጥ ነው)። የሚሰጣት ደም እስኪመጣ እግሯን በፀረ ሾክ ልብስ፣ ማለትም ጨምቆ ደሙን ወደ ልብና ወደ አንጎል በሚመልሰው ልብስ፣ አሰርን። ተረፈች።

ጋቢው በራሱ ጥፋት የለበትም። የሚደማ ሰው ከበረደው ደሙ መርጋት ያቅተዋል፣ ስለዚህ ማልበስ ተገቢ ነው። ግን በየ15 ደቂቃው ግለጡና እዩ። ጣቱን ጫን አድርጋችሁ ልቀቁት፤ ቀለሙ በ3 ሰከንድ ውስጥ ካልተመለሰ ግፊቱ ምንም ይበል፣ ደሙ እየደረሰ አይደለም። የቀዘቀዘ እግር ላይ የሞቀ ውኃ የያዘ ጠርሙስ ማድረግ ግን ይቅርብን፤ ደም የማይደርሰው ቆዳ ሳይታወቅ ይቃጠላል።

«ግሉኮስ ይሰቀልለት»

በአገራችን የተሰቀለ ሁሉ ግሉኮስ ነው። ጨው ያለባቸው ፈሳሾች፣ ሳላይኑም ግሉኮስ፣ ሪንገሩም ግሉኮስ። ስሙ ባልከፋ፤ ሰው ግን ስኳሩ ጉልበት ይሰጠዋል ብሎ ያስባል። 5 በመቶው ግሉኮስ ለሾክ አይሆንም። ሰውነት ስኳሩን ሲጠቀምበት የሚቀረው ውኃ ነው፣ ውኃው ደግሞ ወደ መላ ሰውነት ይሰርጋል። ከ1 ሊትሩ ደም ሥር ውስጥ የሚቆየው ከ100 ሚሊ ሊትር ብዙም አይበልጥም። ለሾክ የሚሰቀለው ኖርማል ሳላይን ወይም ሪንገር ላክቴት ነው። የደም ስኳር ወርዶ ከተገኘ 40 በመቶው ግሉኮስ የግድ ነው፤ ለዚህም ነው ራሱን የሳተ ሰው ሲመጣ መጀመሪያ ጣቱን ወግተን ስኳሩን የምናየው።

ከዚህ የሚከተለው ስህተት ደግሞ የእኛ የባለሙያዎቹ ነው፦ «በደንብ ሙሉት»። በ2011 በኬንያ፣ በኡጋንዳና በታንዛኒያ የተሠራ ጥናት ውጤት ሲወጣ ብዙዎቻችንን አስደንግጧል። ትኩሳትና የደም ዝውውር መዳከም ያለባቸው ከ3,000 በላይ ሕፃናት ተካተውበት ነበር። ፈሳሽ በፍጥነት ከተሞላላቸው መካከል በ48 ሰዓት ውስጥ ከ100 ወደ 10 ተኩል ያህሉ ሞቱ፤ ካልተሞላላቸው 7 ገደማ። በተቅማጥ ፈሳሽ ያለቀበትን ሕፃን ይሄ አይመለከትም፤ እሱ ካልተሞላለት ይሞታል። ለአዋቂ በኢንፌክሽን ሾክ ዓለም አቀፉ የሕክምና መመሪያ በመጀመሪያዎቹ 3 ሰዓታት በኪሎ 30 ሚሊ ሊትር ይላል። ይሁን እንጂ ከረጢቱን ሰቅሎ መሄድ ሥራ አይደለም። በየ500 ሚሊ ሊትሩ ሳንባውን አዳምጡ፣ የአንገቱን የደም ሥር እዩ፣ አተነፋፈሱን ቁጠሩ። ልቡ የደከመ ሰው ላይ ሁለተኛው ሊትር ሳንባው ውስጥ ሊገባ ይችላል።

«ሞልቶ ነበር፣ ደፋሁት»

አንዲት እናት የልጃቸውን የሽንት ከረጢት ንጽሕና ስለሚወዱ በየሰዓቱ እየደፉ ያጥቡ ነበር። ምስጋና ሲጠብቁ የእኔን ፊት አይተው ደነገጡ። «እማማ፣ ይቺ ሽንት አሁን ለእኔ ወርቅ ናት፣ እባክዎ ሳልለካት አይድፉብኝ» አልኳቸው። ሳቁ፤ ከዚያ በኋላ ግን ከእኔ ቀድመው «ሲስተር፣ ሰዓቱ ደርሷል» የሚሉት እሳቸው ሆኑ። ኩላሊት ደም ሲያጥረው ቶሎ የሚናገር አካል ነው። በኪሎ በሰዓት ግማሽ ሚሊ ሊትር፣ ለ60 ኪሎ ሰው 30 ሚሊ ሊትር፣ ከዚያ ሲያንስ ሐኪም ይጠራል። ሁለት ሰዓት ተከታትሎ ካነሰማ ጠዋት በሐኪሞች ዙር ላይ ይነገራል ተብሎ አይታደርም።

ሽንት በላሲክስ (ሽንት በሚያበዛው መድኃኒት) ስለመጣ ኩላሊቱ ዳነ ማለት አይደለም። «ለኩላሊት» ተብሎ በትንሽ መጠን የሚሰጠው ዶፓሚንም ኩላሊትን እንደማያድን በ2000 በታተመ ትልቅ ጥናት ታይቷል። ልማዱ ግን እስካሁን አንዳንድ ቻርት ላይ አለ።

«ትኩሳት ስለሌለው ኢንፌክሽን አይደለም»

በሽማግሌ፣ በጨቅላና በምግብ እጥረት በተጎዳ ሕፃን ላይ ሙቀት ይወርዳል እንጂ ላይወጣ ይችላል። 35 ዲግሪ የሚያሳይ ቴርሞሜትር ከ39ኙ ይልቅ ሊያሳስበን ይገባል።

«አለርጂ ከሆነ ሃይድሮኮርቲዞን»

መርፌ ተወግቶ ወዲያው ትንፋሽ ያጠረውና ግፊቱ የወረደ ሰው መጀመሪያ የሚያስፈልገው አድሬናሊን ነው፤ ለአዋቂ 0.5 ሚሊ ግራም፣ ጭን ጡንቻ ላይ። ካልተሻለው በ5 ደቂቃ ይደገማል። ሃይድሮኮርቲዞን ለመሥራት ሰዓታት ይፈጅበታል፤ ሰውየው ያን ያህል ጊዜ የለውም። ደግሞ ተንጋሎ ይቆይ። «አየር ያግኝ» ብሎ ድንገት በእግሩ ማቆም ልብን ባዶ ያስቀራል፣ በዚያው የሞቱ አሉ። መተንፈስ ካቃተው ግን ቀና አድርጋችሁ፣ እግሩን ዘርግታችሁ አስቀምጡት።

«ለይቶለታል፣ እሰሩት»

የሚቀባዥር፣ የኦክስጅን ጭንብሉን የሚነቅል፣ ከአልጋ ልውረድ የሚል በሽተኛ አንጎሉ ደም ወይም ኦክስጅን አንሶት ሊሆን ይችላል። ከማሰር በፊት ኦክስጅኑን፣ ስኳሩን፣ ሽንቱንና ግፊቱን እዩ። ጣት ላይ የሚሰካው መለኪያ 98 ቢልም አትዘናጉ፤ ደም ያለቀበት ሰው የቀረችው ትንሽ ደም በኦክስጅን ልትሞላ ትችላለች። ቤተሰብን ጠይቁ፦ «ትናንት ማታ ያወራ ነበር?» ለውጡን ከማንም ቀድሞ የሚያውቀው አስታማሚ ነው። ጠበል ይሂድ የሚል ዘመድ ሲመጣም አልከራከርም፤ ጠበሉ እዚሁ ይምጣለት፣ መድኃኒቱ ግን አይቋረጥ እላለሁ። በአፉ እንዳይሰጡት ብቻ እለምናለሁ፤ በደንብ ያልነቃ ሰው ጠብታውም ወደ ሳንባው ይገባል።

«ኩላሊት እጥበት ከተጀመረ አበቃለት»

ይሄን ሰምተው ፈርመው በሽተኛ ይዘው የወጡ ቤተሰቦች አሉ። በሾክ ምክንያት በድንገት ሥራ ያቆመ ኩላሊትና ለዓመታት እየደከመ የመጣ ኩላሊት አንድ አይደሉም። ለመጀመሪያው እጥበት ድልድይ ነው፤ ከሾኩ ከተረፉት አብዛኞቹ በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ ከእጥበት ይላቀቃሉ። ያ እስኪሆን አንገቱ ላይ ያለው ቱቦ ውኃ አይንካው፣ በእሱም ሌላ መድኃኒት አይሰጥ። ወደ ቤት ሲሄድ ኩላሊትን ሊጎዱ የሚችሉትን የሕመም ማስታገሻዎች ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ከፋርማሲ እንዳይገዛ፣ በ3 ወሩም የኩላሊትን ሥራ የሚያሳየውን ክሬቲኒኑን በደም እንዲያስመረምር በመውጫ ወረቀቱ ላይ በአማርኛ ጻፉለት።