ጉልበት «ውሃ ቋጠረ» ሲባል ምንድን ነው?

ቧንቧ ሠራተኛ ሱሪውን ሰብስቦ «ጉልበቴ ውሃ ቋጥሯል» ሲል፣ ብዙ ጊዜ የሚያሳየው ከጉልበቱ ሎሚ ፊት ለፊት የተቀመጠ፣ ሲጫኑት ሸሸት የሚል፣ የእንቁላል ግማሽ የሚያክል እብጠት ነው። ሐኪሞች ቡርሳይተስ ይሉታል። ችግሩ «ውሃ ቋጠረ» የሚለው አነጋገር ለሌላም ሕመም ማገልገሉ ነው፤ ሁለቱን ማምታታት ደግሞ መዘዝ አለው።

ቡርሳ ማለት ቆዳ ወይም ጅማት ከአጥንት ጋር በሚፋተግበት ቦታ ያለ፣ እንደ ስስ ላስቲክ የሳሳ ከረጢት ነው። በደህናው ጊዜ የሚይዘው ፈሳሽ ጥቂት ስለሆነ በጣት ቢፈልጉት አይገኝም። ሥራው ቆዳው በሎሚው ላይ ሳይቆጠቁጥ እንዲንሸራተት ማድረግ ነው። ሴራሚክ ላይ ሲንበረከኩ ግን ከረጢቱ በአጥንትና በወለል መካከል ይጨፈለቃል፤ ይቆጣል፣ ፈሳሽ ያበዛል፣ ያብጣል። ይህ ለወራት ከተደጋገመ የከረጢቱ ግድግዳ ይወፍርና ፈሳሹ ከጎደለም በኋላ ጠጠር ጠጠር የሚል ነገር ሲዳሰስ ይቀራል።

እብጠቱ የሚወጣበት ቦታ አንበረካከኩን ይናገራል። ሲንክ ሥር ገብቶ ወደ ሲፎኑ የሚንጠራራ ሰው ወደፊት ስለሚያዘነብል ጭነቱ በቀጥታ ሎሚው ላይ ያርፋል። ወገቡን አቅንቶ ተንበርክኮ የሽንት ቤት መቀመጫ የሚያስር ደግሞ ከሎሚው ዝቅ ብሎ ባለው የቅልጥም ጉብታ ላይ ይቆማል፤ እዚያም ሌላ ቡርሳ አለ። ቧንቧ ሠራተኛ በአንድ ቀን ሁለቱንም ያፈራርቃል።

ሥራው ራሱ ጉልበትን ቸንክሮ የሚይዝበት ጊዜም አለ። ፒፒአር የሚባለው የፕላስቲክ ውሃ ቧንቧ የሚበየደው 260 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሞቀ ማሽን ነው። ባለ 20 ሚሊሜትሩ 5 ሰከንድ፣ ባለ 25ቱ 7 ሰከንድ፣ ባለ 32ቱ 8 ሰከንድ ይሞቃል፤ ከገባ በኋላም ሳይነቃነቅ መያዝ አለበት፣ አለዚያ መጋጠሚያው ይጣመማል። ሁለቱም እጅ ስለተያዘ ጉልበትን ለማሳረፍ መደገፊያ የለም። ሃያ መጋጠሚያ ያለው መስመር ወለል ላይ ሲዘረጋ ይህ ሃያ ጊዜ ይደገማል።

ወደ መምታታቱ እንመለስ። ቡርሳው ሲያብጥ ውሃው ያለው ከቆዳ ሥር፣ ከመገጣጠሚያው ውጭ ነው። እብጠቱ ፊት ለፊት ጎልቶ ይታያል፤ እግር ይዘረጋል፣ መራመድም ይቻላል፤ የሚያመው ሲጫኑትና ጉልበት ሙሉ በሙሉ ሲታጠፍ ነው። ውሃው መገጣጠሚያው ውስጥ ከሆነ ግን ጉልበቱ ዙሪያውን፣ በተለይ ከሎሚው በላይና በግራ ቀኙ ይሞላል፤ ማጠፍም መዘርጋትም ያስቸግራል። ለዚህ አንዱ መነሻ በአጥንቶቹ መካከል ያለው የልም አጥንት ትራስ መቀደድ ነው። የዛገ የብረት ቧንቧ በጂራቱቦ (በቧንቧ መፍቻ) ለመፍታት ተንበርክከው፣ ሰውነትን ጠምዝዘው በሙሉ ኃይል ሲገፉ ይቀደዳል። ምልክቱ በጉልበቱ ጎን የሚወጋ ሕመምና መሐል ላይ ቅርቅር የሚል ጉልበት ነው። እሱን በእረፍት ብቻ መጠበቅ ጊዜ ማባከን ነው፤ ምርመራ ይፈልጋል።

ቡርሳይተስ አብዛኛውን ጊዜ አይገድልም፣ አያሽመደምድም። አደገኛ የሚሆነው ሲመረቅዝ ነው፤ እዚህ ላይ ቧንቧ ሠራተኛ በእጅጉ ተጋላጭ ነው። ግድግዳ ቺዝል ሲደረግ የሚረግፈው የብሎኬትና የሴራሚክ ስባሪ ጉልበትን ይጭራል። ከዚያ ያው ጉልበት የተዘጋ ፍሳሽ ሲከፈት በፈሰሰው ቆሻሻ ውሃ ላይ ያርፋል። ከረጢቱ ከቆዳ በታች ወዲያው ስለሆነ ትንሽ ጭረት ለባክቴሪያ መግቢያ ትበቃለች። ቆዳው ከቀላ፣ ከሌላኛው ጉልበት ይልቅ ከጋለ፣ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ከመጣ ነገ የሚባል ነገር የለም፤ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት መሄድ ነው።

ስለዚህም ነው ዋግምትን አጥብቀን የምንቃወመው። ምላጭ የነካው ቆዳ ንጹሕ የነበረውን ፈሳሽ መግል ሊያደርገው ይችላል። ወጌሻ ጋ ሄዶ ማሳሸትም የተቆጣውን ከረጢት ይበልጥ ያስቆጣዋል እንጂ ውሃውን አይመልሰውም። ሐኪም በመርፌ ሲቀዳው ነገሩ ሌላ ነው፦ ቆዳው በፀረ ተሕዋስያን ይጸዳል፣ የተቀዳውም ፈሳሽ ላቦራቶሪ ገብቶ ባክቴሪያ ወይም የሪህ ክሪስታል መኖሩ ይታያል። ሪህም ይህንኑ ከረጢት ያሳብጣልና።

ካልመረቀዘ ዋናው መድኃኒት አለመንበርከክ ነው፤ ለቀናት ሳይሆን ለሳምንታት። በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ፣ በቀን ሦስት አራት ጊዜ ይያዝበታል። ደም እንዳያግድ ላላ ተደርጎ በላስቲክ ፋሻ ይታሰራል። አይቡፕሮፌን ወይም ዳይክሎፌናክ ሕመሙን ያስታግሳል፤ ጨጓራ፣ ኩላሊት ወይም ደም ግፊት ያለበት ግን ሳያማክር አይውሰደው። ክኒኑ የሚጎዳበት ሌላም መንገድ አለ፦ ሕመሙ ሲጠፋ ሰውዬው ተመልሶ ይንበረከካል፣ እብጠቱም ይመለሳል። ደጋግሞ የተመለሰ ከረጢት በመጨረሻ በቀዶ ሕክምና ሊወጣ ይችላል።

ከዓመታት በኋላ የሚመጣው የልም አጥንት መሳሳት ሌላ ጣጣ ነው። ጀርመን ከ2009 ጀምሮ በሥራ ምክንያት የሚመጣ በሽታ አድርጋ መዝግባዋለች፤ ዕውቅና ለማግኘት በሥራ ዘመን በድምሩ ቢያንስ 13,000 ሰዓት፣ በአንድ ፈረቃም ቢያንስ አንድ ሰዓት በጉልበት መሥራትን ትጠይቃለች። በቀን 3 ሰዓት፣ በዓመት 300 ቀን የሚንበረከክ ሰው ይህን በ14 ዓመት ተኩል ገደማ ይሞላዋል። በ20 ዓመቱ የጀመረ ማለት ገና 35 ሳይሞላው ነው። የእኛም የሠራተኛ አዋጅ፣ ቁጥር 1156/2011፣ ከሥራ የሚመጣ በሽታን በሥራ ላይ ከሚደርስ ጉዳት ይቆጥረዋል፤ ነገር ግን አዋጁ የሚመለከተው ቅጥር ሠራተኛን ነው። ከቤት ቤት እየዞረ በራሱ ውል የሚሠራ ጉልበቱን የሚጠብቅለት ራሱ ብቻ ነው።

የጉልበት መከላከያ ሲገዙ ለስላሳነቱን አይዩ። በጣም የሚለሰልስ ስፖንጅ ሲንበረከኩበት ሙሉ በሙሉ ይጨፈለቅና እንደሌለ ይሆናል። መሬት ላይ እርሳስ አስቀምጠው በላዩ ይንበርከኩ፤ እርሳሱ ከተሰማዎት አይረባም። ፊቱ ጠንካራ ፕላስቲክ የሆነው ከስባሪ ያድናል፤ እርጥብ ሴራሚክ ላይ ግን ያንሸራትታል። ማሰሪያው አንዱ ከጉልበት በላይ፣ አንዱ በታች ይሁን እንጂ መታጠፊያው ላይ አይረፍ።

መግዛት ካልተቻለ ጠጣር የፍራሽ ስፖንጅ በ5 ሴንቲሜትር ውፍረት፣ 30 በ50 አድርጎ ቆርጦ በአሮጌ የመኪና ጎማ ከመነዳሪ መሸፈን ነው። ከመነዳሪው ውሃ አያስገባም፣ አይንሸራተትም፣ ማታ በሳሙና ይታጠባል። በጨርቅ ከተሸፈነ የትናንቱን ፍሳሽ መጥጦ ለዛሬው ጭረት ያቆያል። ግድግዳው ታች ቺዝል ሲደረግ ደግሞ መንበርከኩ ጭራሽ አያስፈልግም፣ ዱካ ላይ ተቀምጦ ይሠራል። የፒፒአሩንም መጋጠሚያ በተቻለ መጠን ወገብ ከፍታ ባለው ጠረጴዛ ላይ በየዶ፣ ወለል ላይ የሚቀሩትን ሁለት ሦስቱን ብቻ ወርዶ መጨረስ ይቻላል።