ስልክን የሳይክል ኮምፒውተር ማድረግ ምንድን ነው?

ሳይክል ኮምፒውተር የሚባለው መሪው ላይ የምትታሰር ትንሽ እቃ ናት፣ ፍጥነትህን፣ የሄድከውን ርቀት፣ ፔዳሉን በደቂቃ ስንቴ እንዳዞርክ፣ የልብ ምትህን ምናምን እየነዳህ ታሳይሃለች። እነ ጋርሚንና ዋሁ የሚሰሯት ዋጋዋ አይቀመስም፣ ባህር ዳር ላይ ደግሞ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ከሌለህ ማግኘቱም ራሱ ስራ ነው። ስለዚ ኪስህ ውስጥ ያለው ስልክ ያንን ስራ እንዲሰራ ታደርገዋለህ፣ ሳይክሉ ላይ አንድ ሁለት ገመድ አልባ ሴንሰር ታስርና ስልኩ ላይ አፕ ትጭናለህ፣ በቃ ነገሩ ይሄ ነው።

ብዙ ሰው የሚስተው ግን ሴንሰሩ ፍጥነት የሚለካ ይመስለዋል። አይለካም፣ መቁጠር ብቻ ነው የሚያውቀው። የፍጥነት ሴንሰሩ ጎማው መሀል ሞዞው ላይ ይታሰራል፣ እስካሁን ጎማው ስንቴ እንደዞረና የመጨረሻዋ ዙር መቼ እንዳለቀች (አንዷን ሰከንድ ለ1024 ከፍሎ ነው ሰዓቱን የሚይዘው) በብሉቱዝ ይልካል፣ ከዛ ወዲያ ያለው ሂሳብ ሁሉ የስልኩ ነው። አዲሱን የዓባይ ድልድይ እንውሰድ፣ ርዝመቱ 380 ሜትር ነው። 26 ኢንች ጎማ አንዴ ሲዞር 2.05 ሜትር አካባቢ ይሄዳል፣ ስለዚ ድልድዩን እስክትሻገር 185 ጊዜ ያህል ይዞራል ማለት ነው፣ ይሄን በ68 ሰከንድ ከጨረስከው ስልኩ በሰዓት 20 ኪ.ሜ ይልሃል።

እና ስልኩ ጎማህ ስንት እንደሆነ በምን ያውቃል? አያውቅም፣ አንተ ነህ የምትነግረው። ዝም ካልከው ብዙ አፕ ቀጭን የውድድር ጎማ ነው ብሎ 2.1 ሜትር አካባቢ ይይዝልሃል፣ እዚህ ከተማ ግን ብዙው ሳይክል እንደዛ አይደለም። 2.105 ብሎ ከያዘ ጢስ ዓባይ ደርሰህ ስትመለስ እውነተኛው 60 ኪ.ሜ ቢሆን እሱ 61.6 ይልሃል፣ ሳትለፋ 1.6 ኪ.ሜ ተመረቀልህ ማለት ነው። ስለዚ ለካው። ጎማው ላይ የንፋስ መሙያው ጋ በጠመኔ ምልክት አድርግ፣ መሬቱም ላይ እዛው ስር አንድ መስመር፣ ከዛ ሳይክሉ ላይ ተቀምጠህ (ጎማው በክብደትህ ትንሽ ስለሚረግብ ባዶውን ከለካኸው ይረዝማል) ጓደኛህ እየደገፈህ ምልክቱ ተመልሶ መሬት እስኪነካ ወደፊት ሂድ፣ በመሀሉ ያለውን በአናጢ ሜትር ለካና በሚሊ ሜትር አፑ ላይ ጻፈው። ንፋሱን እንደምትነዳበት አድርገህ መሙላትህን እንዳትረሳ ብቻ።

አሁን "ስልኬ ጂፒኤስ አለው አይደል እንዴ ሴንሰሩ ምን ያደርጋል" የሚል አለ፣ እውነቱን ነው ደሞ። ሜዳ አስፋልት ላይ ጂፒኤሱ በቂ ነው፣ ኢንተርኔትም አይፈልግም፣ ዳታ ቢጠፋም ኔትወርክ ባይኖርም ከሳተላይት ነው የሚቀበለው፣ ካርታውን ቀድመህ ማውረድ ብቻ ነው። የሚቸገረው እንደ ዘጌ ያለ ቦታ ነው፣ ቡናው ላይ ትልልቅ ዛፍ ተደርቦ ሰማዩን ሲሸፍነው ቦታህን ያዘላልለዋል፣ መንገዱ ሲጠማዘዝ እሱ ቆርጦ ያልፍና ርቀቱን ያሳጥርብሃል፣ ጎማ ላይ ያለው ሴንሰር ግን ዛፍ ኖረ አልኖረ ጉዳዩ አይደለም።

እኔን ብትጠይቀኝ ግን መጀመሪያ የፍጥነት ሴንሰር አልገዛም። ባህር ዳር ሜዳ ናት፣ እዚህ ፍጥነት ስለ አንተ የሚናገረው ትንሽ ነው፣ ስለ ባጃጁና ስለ ንፋሱ ነው የሚያወራው። ከሰዓት በኋላ ከጣና በኩል የሚመጣው ንፋስ ፊትህን ሲይዝህ 24 የነበረው 17 ይሆናል፣ ቁጥሩን ብቻ ካየህ የሰነፍክ ይመስልሃል፣ ልብህ ግን ከቅድሙ በላይ እየመታ ነው። ስልኩ በራሱ ሊያውቀው የማይችለው ይሄንን ነው። ስለዚ ገንዘብህን ደረት ላይ የሚታሰር የልብ ምት መለኪያ ላይ (ከቆዳው ጋር የሚነካካውን ቦታ ውሃ ነካ አድርገው፣ ደረቅ ሲሆን ይዘባርቃል) ወይ ደግሞ ካደንስ ላይ አውለው። ካደንስ ማለት ፔዳሉን በደቂቃ ስንቴ እንደምታዞር ነው፣ ፔዳሉን የያዘው ብረት ላይ ነው የሚታሰረው። ብዙ የለመዱ ነጂዎች 80 እና 90 አካባቢ ነው የሚያዞሩት፣ እኛ ጋ ግን ከባድ ማርሽ አስገብቶ በ55 እየረገጠ ጉልበቴን አመመኝ የሚለው ብዙ ነው። ኃይል በዋት የሚለካም አለ፣ ዋጋው ሌላ ሳይክል ይገዛል፣ እንለፈው።

ስትገዛ አንድ ነገር እይ፣ ብሉቱዝ ይላል ወይስ አንት ፕላስ (ሌላው የሴንሰሮች ገመድ አልባ መገናኛ) ብቻ? አብዛኛው ስልክ አንት ፕላስ አይቀበልም፣ ሁለቱንም የሚልክ ቢሆን ደስ ይላል። አፑም ይለያያል፣ ለምሳሌ ስትራቫ የሚባለው የስፖርት መመዝገቢያ አፕ በፈረንጆቹ 2019 ሴንሰር ከስልክ ጋር ማገናኘቱን አውጥቶት ነበር፣ በኋላ የልብ ምቱን መለሰው፣ ስለዚ አፑ የትኛውን ሴንሰር እንደሚቀበል ቀድመህ አረጋግጥ።

"ሴንሰሩ አይሰራም ተበላሽቷል" የሚለው ወሬ ደግሞ አብዛኛው ተበላሽቶ አይደለም። ሳይክሉ ሲቆም ባትሪ ለመቆጠብ ይተኛል፣ ጎማውን ወይ ፔዳሉን አዙረህ ስትቀሰቅሰው ነው አፑ የሚያገኘው። የስልኩ ብሉቱዝ ሴቲንግ ውስጥ ገብተህ አታገናኘው፣ አፑ ውስጥ ነው የሚገናኘው። ብዙዎቹ ደግሞ በአንድ ጊዜ ከአንድ ስልክ ጋር ብቻ ነው የሚያወሩት፣ ጓደኛህ ሞክሮት ስልኩ ላይ ከቀረ ያንተ ላይ አይመጣም፣ የሱን ብሉቱዝ አስጠፋው። ባትሪው አብዛኛውን ጊዜ ሲአር 2032 የምትባለው ክብ ጠፍጣፋ ባትሪ ናት፣ ሰዓት ሰሪዎች ጋ ታገኘዋለህ፣ ኮምፒውተር ጠጋኞችም ጋ አይጠፋም ምክንያቱም ብዙ ማዘርቦርድ ላይ ያለችውም እሷው ናት።

ችግሩ ስልኩ ነው። ስክሪኑ በርቶ ከዋለ ባትሪው ያልቃል፣ የመጋቢት ፀሐይ ላይ ይግልና ራሱን ያደበዝዛል፣ ክረምት ላይ ጠብታ ሲያርፍበት ማንም ሳይነካው ራሱ ይነካካል፣ መሪ ላይ የታሰረ ስልክ ደሞ የሌባ አይን ይስባል። ባትሪ መቆጠቢያው ካልጠፋ ስክሪኑን ስትዘጋ አፑን ይገድለውና መዝገብህ ግማሽ ላይ ይቆማል። እኔ የምመክረው የተጣለ አሮጌ ስልክ ነው፣ ሲም ባይኖረውም ጂፒኤሱና ብሉቱዙ ከሰሩ ይበቃል። ያለ ኢንተርኔት ሲሆን መጀመሪያ ሳተላይት ለማግኘት ደቂቃዎች ይፈጅበታል፣ ጎማ ንፋስ ልትሞላ ስትጀምር አፑን ከፍተህ ሰማይ የሚታይበት ቦታ አስቀምጠው፣ ሞልተህ እስክትጨርስ ያገኘዋል።