አክሱም ከውድቀት መትረፍ ትችል ነበር? ብዙዎቻችን የተሳሳትንባቸው ነገሮች

ስለ አክሱም ሲወራ «ያ ሁሉ ኃያልነት እንዴት ጠፋ? መትረፍስ አይችልም ነበር?» የሚል ሰው አይጠፋም። የምንሰጠው መልስ ግን ብዙ ጊዜ ልክ አይደለም። (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«ዮዲት ጉዲት ባትመጣ አትወድቅም ነበር»

ከልጅነታችን የሰማነው ይህን ነው። ታሪኩ እንዲያው ተረት ነው አልልም። በ10ኛው ክፍለ ዘመን ኢብን ሐውቀል የተባለ ዓረብ ጸሐፊ ሐበሻን አንዲት ሴት እንደምትገዛ ጽፏል። ችግሩ ዘመኑ ላይ ነው። እስቲ ሳንቲሞቹን እንያቸው። አክሱም ከ3ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምራ የወርቅ፣ የብርና የነሐስ ገንዘብ ነበራት። የጣት ጥፍር በምታክል ወርቅ ላይ የንጉሡ ፊት ይታያል፤ ግራና ቀኙን የስንዴ ዛላ ከቦታል። ይህ ገንዘብ በ7ኛው ክፍለ ዘመን ቆመ። ከዮዲት 300 ዓመት ገደማ በፊት ማለት ነው! እሷ ስትደርስ ከተማዋ ድሮ ደክማለች።

«ትልቁን ሐውልት የጣለችውም እሷ ናት»

ተሰባብሮ የተኛው ሐውልት 33 ሜትር ርዝመት፣ ከ500 ቶን በላይ ክብደት አለው። አብዛኞቹ አርኪዮሎጂስቶች ሲተከል ወይም ከተተከለ ብዙም ሳይቆይ የወደቀ ነው ይላሉ። ለዚያ ሁሉ ቁመት መሬት ውስጥ የሚቀበረው እግሩ በጣም አጭር ነው።

«እስልምና ንግዷን ዘጋባት»

ይሄኛው ያሳዝነኛል። በ615 ገደማ ከመካ የተሰደዱትን የነቢዩ ሙሐመድን ተከታዮች ያስጠጋው የአክሱም ንጉሥ ነው። ንግዱም መታመም የጀመረው ቀደም ብሎ ነው። በ570 ገደማ ፋርሶች የመንን ያዙ፤ አክሱም ከቀይ ባሕር ማዶ የነበራት እጅ አጠረ። ወደቧ አዱሊስም በ7ኛው ክፍለ ዘመን ከሰመች።

«ደኑ ባይጨፈጨፍ ትተርፍ ነበር»

አፈሩ ስለተሸረሸረ ነው የሚል መላ ምት ለረጅም ጊዜ ተቀባይነት ነበረው። በኋላ አካባቢው ላይ የተደረጉ የአፈር ጥናቶች ግን ያን ያህል ጉዳት አላገኙም። ደግሞስ ጥሩ አፈር ሕዝብ ይመግባል እንጂ መርከብ አይጠራም። የዝሆን ጥርሱና ወርቁ የሚወጣበት በር ከተዘጋ፣ አክሱም የንግድ ኃያል ሆና የምትቀጥልበት መንገድ አይታየኝም።

«ባዶዋን ቀረች»

በፍጹም። የሄደው ዙፋኑ ነው። ሰዉ እዚያው አለ፤ ጽዮንም እዚያው ናት። አፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ1436 ሥርዓተ ንግሣቸውን ለመፈጸም አክሱም ድረስ ሄደዋል። አፄ ዮሐንስ 4ኛም በ1872 ዘውድ የደፉት እዚያው ነው።