የሙዝና የዝንጅብል ዘመዶች

ሙዝ፣ እንሰት፣ ዝንጅብል፣ እርድ፣ ኮረሪማ። ለዓይን ዘመዳሞች አይመስሉም። ሁሉም ግን ዚንጊቤራሌስ በሚባል አንድ የአበባ ዕፅዋት ክፍለ መደብ ውስጥ ይመደባሉ። ክፍለ መደቡ ስምንት ቤተሰቦች አሉት፤ አብዛኞቹ አባላቱ ሙቀትና እርጥበት ወዳድ ናቸው።

ዝምድናው ደምቆ የሚታየው አበባው ውስጥ ነው። የሙዝ ቤተሰብ አበባ አብዛኛውን ጊዜ ብናኝ የሚሰጡ አምስት ወንዴ አካላት አሉት። የዝንጅብል ቤተሰብ ጋ ስንደርስ የቀረው አንድ ብቻ ነው። ካናና ማራንታ የተባሉት ቤተሰቦች ዘንድ ደግሞ ብናኝ የሚሰጠው የዚያው የአንዱ ግማሽ ብቻ ነው! ሌሎቹ ጨርሰው አልጠፉም፤ ብዙዎቹ መካን ሆነው መልካቸውን ቀይረዋል። የካና ትልልቅ ደማቅ የአበባ ቅጠሎች የሚመስሉን እነዚህ ናቸው። እውነተኞቹ የአበባ ቅጠሎች ከሥር ያሉት ጠባቦቹና ደብዛዞቹ ናቸው። ለእኔ ከዚህ ክፍለ መደብ ይህን የሚያህል አስደናቂ ነገር የለም።

የሙዝ አገር ደቡብ ምሥራቅ እስያና ኒው ጊኒ ነው። ግንዱ የምንለው እርስ በርሱ የተጠቀለለ የቅጠል እግር ነው። የሚበላው ሙዝ በውስጡ ዘር ስለሌለው የሚራባው ከሥሩ በሚወጣ ችግኝ ነው። በዚህም የተነሳ አንድ ማሳ ሙሉ ተክል አንድ ዓይነት ይሆንና በሽታ ሲገባ የሚተርፍ የለም። በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ግሮ ሚሼል የተባለውን የንግድ ሙዝ የፓናማ በሽታ ከገበያ አስወጣው፤ ቦታውን ካቬንዲሽ የተባለው ሙዝ ያዘ። እንሰት የዚሁ ቤተሰብ ነው። በዱር በሌሎች የአፍሪካ አገሮችም ይበቅላል፤ ለምግብ ያለመደችው ግን ኢትዮጵያ ናት።

የዝንጅብል ቤተሰብ ከሁሉም ይሰፋል፤ ከ1,500 በላይ ዝርያዎች አሉት። ኮረሪማ የኢትዮጵያ፣ ሂል የደቡብ ህንድ ተወላጅ ነው። ዝንጅብል ራሱ ግን ሰው ያላለማው የዱር ወገን አልተገኘለትም።

ማራንታዎች ብዙዎቹ ሲመሽ ቅጠላቸውን ወደ ላይ ያጥፋሉ። ከእነሱ አንዱ፣ የምዕራብ አፍሪካው ታውማቶኮከስ፣ ከስኳር በብዙ እጥፍ የሚጣፍጥ ፕሮቲን ይሰጣል። ስትሬሊትዚያ የተባለችው የደቡብ አፍሪካ አበባ በውበቷ ዓለምን ዞራለች። የቅርብ ዘመዷ ራቬናላ የማዳጋስካር ናት፤ ብናኟን ሌመር የተባሉት የዝንጀሮ ዘመዶች ያዳርሱላታል። ሄሊኮኒያ የተባለው ቤተሰብ በአብዛኛው የአሜሪካ ሲሆን ብናኙን የሚያዳርስለት ሀሚንግበርድ የተባለው ትንሽ ወፍ ነው። የኮስቱስ ቤተሰብ በጠመዝማዛ የቅጠል አሰላለፉ ይለያል። ስምንተኛው ሎዊያሴ ትንሽ ቤተሰብ ነው፤ የሚገኘውም እስያ ውስጥ ብቻ ነው።

ከአገር ውጭ መተከል ሁልጊዜ በጎ አይደለም። ለውበቱ ሲባል ከሂማሊያ የተወሰደው ቢጫ አበባ ያለው ሄዲኪየም፣ የዝንጅብል ዘመድ፣ በሃዋይ፣ በአዞረስ ደሴቶችና በኒው ዚላንድ የጫካውን ወለል ሸፍኖ አገር በቀል ችግኞችን ያፍናል። ከቁራጭ ሥሩ እንኳ እንደገና ስለሚያቆጠቁጥ ማጥፋቱ እጅግ አድካሚ ነው።