ራስን መከታተል ምንድን ነው? አፕ መጫን አይደለም!

ሰሞኑን በየቴሌግራሙ «ይሄን አፕ ጫኑ፣ ቦርጭ ቻው» የሚል ነገር በዝቷል። ከሥሩ አንዱ «ራስን መከታተል ማለት ይሄው ነው፣ ሥራውን ስልኩ ይሠራዋል» ብሎ አስረግጦ ጽፏል። ወንድሜ፣ ስልኩ አይሠራውም። እዚህ ደሴ የሥነ ምግብ ምክር ፈልገው የሚመጡ ወጣቶች ይህንን አምነው ነው የሚመጡት፣ ከዚያ ኪሎው አልወርድ ሲል ራሳቸውን ይወቅሳሉ። እሱ ነው የሚያናድደኝ።

ራስን መከታተል ማለት የበላኸውን፣ የተንቀሳቀስከውንና ክብደትህን መዝግበህ፣ መዝገቡን አይተህ፣ ከዚያ አንድ ነገር መቀየር ነው። አፑ የሚያግዝህ መጀመሪያው ላይ፣ መመዝገቡ ላይ ብቻ ነው።

የእቁብ ጸሐፊን አስብ። ማን እንደከፈለ፣ ማን እንደቀረ ይጽፋል። ደብተሩ ምንም ቢያምር ብሩን የሚያዋጣው እቁብተኛው ነው። ጸሐፊው ያልነገሩትን አይጽፍም። የጻፈውንም ዳኛው አይቶ ካልጠየቀ ያልከፈለው ሰው እንዳልከፈለ ይቀራል። አፕህ ጸሐፊ ነው፤ ዳኛ የሚሆንህ ሰው፣ አማካሪም ይሁን እህትህ፣ ሌላ ያስፈልግሃል።

«ጥናት አለ» ትላለህ። አዎ አለ። እ.ኤ.አ. በ2015 በአሜሪካ በ365 ወጣቶች ላይ የተሠራ ጥናት ታትሞ ነበር፣ አፕ ብቻ የተሰጣቸው ከማነጻጸሪያው ቡድን የተለየ አልቀነሱም። በ2016 የታተመው ደግሞ ይብሳል። ከ18 እስከ 35 ዓመት የሆናቸው 471 ሰዎች ለሁለት ዓመት ተከታትለዋል፣ ሁሉም ምክር አግኝተዋል፣ ከስድስት ወር በኋላ ለግማሾቹ ክንድ ላይ የሚታሰር እንቅስቃሴ የሚቆጥር መሣሪያ ተጨመረላቸው። መጨረሻ ላይ መሣሪያውን ያሰሩት በአማካይ 3.5 ኪሎ ቀነሱ፣ ራሳቸው እየመዘገቡ የቀጠሉት 5.9። መሣሪያው ያወፍራል ማለት አይደለም፣ ሁለቱም ቀንሰዋል። ደግሞ እዚያ ሰሃኑ የየራስ ነው።

እኛ ጋ ግን ከአንድ ትሪ ነው የሚበላው። ስንት ጉርሻ ብለህ ትመዘግባለህ? ቡናውን ደግሞ እይ። አፑ ላይ «ቡና» ብትል ሁለት ካሎሪ ገደማ ይጽፍልሃል። ወሎ ውስጥ ግን ከአቦል እስከ በረካ ሦስት ስኒ ነው፣ በየስኒው ሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር ካደረግክ ስድስት ማንኪያ፣ ወደ 100 ካሎሪ ይጠጋል፤ ፈንዲሻው ሳይቆጠር። በረመዳን ደግሞ ቀኑን ሙሉ «ምሳህን አልመዘገብክም» እያለ ይጨቀጭቅሃል፣ ሱሁርህን ከማግስቱ ቀን ጋር ይደምረዋል። እርምጃ ቆጣሪውም የደሴን ዳገትና የኮምቦልቻን ሜዳ እኩል ነው የሚቆጥረው።

ስለዚህ ለሚመጡልኝ የምላቸው ይህ ነው፦ ሁሉን አትመዝግቡ። አንድ ነገር ምረጡ፣ ለምሳሌ የስኳር ማንኪያውን፣ በሳምንት አንዴ ከአንድ ሰው ጋር ቁጭ ብላችሁ እዩት። ወረቀት ላይም ይሆናል።

አንድ ሌላ ነገር፣ ባትጠይቀኝም። ኪሎህን ለቁመትህ በሜትር፣ ከዚያ ያገኘኸውን እንደገና ለቁመትህ አካፍል። ከ18.5 በታች ከሆነ መቀነስ የለብህም። ከ25 በላይ ስለወጣህም ወዲያው አትደንግጥ፣ ቁጥሩ ጡንቻንና ስብን አይለይም። አንዳንዱ አፕ ግን ከሲታውንም ገና ሲከፍተው «ስንት ኪሎ መቀነስ ትፈልጋለህ?» ይለዋል። ከምግብ ጋር የሚጨነቅ ጓደኛ ካለህ ይህን አፕ አትላክለት፣ ይዘኸው ጤና ጣቢያ ሂድ።