«እንደ ተሸከመችህ ተሸከማት»፦ የጥንት ግብፃውያን አባባልና ትርጓሜው

«እናትህ የሰጠችህን ዳቦ እጥፍ አድርገህ መልስላት፤ እንደ ተሸከመችህ ተሸከማት።»

ይህን ያለው አኒ የሚባል የቤተ መንግሥት ጸሐፊ ነው፤ የሚመክረውም ልጁን ኾንሱሆቴፕን። ምክሩ የተደረሰው በግብፅ «አዲሱ መንግሥት» በሚባለው ዘመን (ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ1550 እስከ 1070 ገደማ) ነው። ዋናው ቅጂ ቡላቅ 4 በሚባል ፓፒረስ (ከደንገል በተሠራ መጻፊያ) ላይ ይገኛል።

አኒ «እናትህን አክብር» ብሎ በደፈናው አያልፍም። ውለታዋን አንድ በአንድ ይቆጥርለታል። ወርህ ገብቶ ከተወለድክ በኋላም ከጫንቃዋ አልወረድክም፤ ሦስት ዓመት ጡቷ ከአፍህ አልተለየም፤ ሰገራህ ቢያስጠላም እሷ አልተጸየፈችህም፤ ጽሕፈት ልትማር ስትገባም ዳቦና ቢራ አዘጋጅታ በየቀኑ ትከታተልህ ነበር ይለዋል። (ቢራው አይግረማችሁ፤ በጥንቱ ግብፅ የዕለት ቀለብ ነበር።) ስለዚህ «ሸክም» የተባለው እርግዝናው ብቻ አይደለም፤ ልጁ ፊደል እስኪቆጥር ያለው ድካም ሁሉ ነው። ዕዳው የሚታወሰውም ልጁ ሚስት አግብቶ፣ ጎጆ ወጥቶ፣ እሱም በተራው ልጅ ሲያሳድግ ነው። ያኔ እናትህን አታስቀይም፣ እጇን ወደ አምላክ አንስታ እንዳትጮህብህ ይላል አኒ። የእናት እርግማን እዚያም ይፈራ ነበር ማለት ነው።

የአባባሉ ጉልበት ያለው አንዱን ግስ ሁለት ጊዜ በመድገሙ ላይ ነው። ግሱ «ፋይ» ነው፤ ማንሳት፣ መሸከም ማለት። በሂሮግሊፍ፣ ማለትም በግብፃውያን የሥዕል ጽሕፈት፣ ሲጻፍ ቅርጫት በራሱ የተሸከመ ሰው ይሳልበታል። ለወንድ ልጅ ትእዛዝ ሲሆን ባዶውን ይቆማል፤ «ፋይ»፣ ተሸከም። የግሱ ባለቤት ሴት ስትሆን «ስ» ከኋላው ትቀጠላለች፤ «አንተ» ሲሆን ደግሞ «ክ»። እኛ በ«ትሸከማለች» ባለቤቷን በ«ት» ስናስቀድም፣ እነሱ በስተመጨረሻ ያመጧታል። ያቺው «ክ» ከስምም ጋር ትሄዳለች፦ «ሙት» እናት ነው (ድምፁ አያስደንግጣችሁ)፣ «ሙትክ» እናትህ። ግዕዝም «እምከ» ይላል፤ ግብፅኛና ግዕዝ ሁለቱም የአፍሮ እስያ ቋንቋዎች ቤተሰብ ናቸውና። አናባቢው በግብፅኛ ስለማይጻፍ ንባቡ የሊቃውንት ልማድ ነው።

ልጅ ማሳደግን ለይቶ የሚናገር ሌላ ግስም አላቸው፤ «ረነን»። ምልክቱ ልጅ በጭኗ ያስቀመጠች ሴት ናት። በቀደመው ግብፅኛ «ረነንስ» ታሳድጋለች፣ «ረነንንስ» አሳደገች ይሆናል፤ ኃላፊ ጊዜውን የምታመጣው መሀል የገባችው «ን» ናት። ሕፃናትን የምታጠባውና አዝመራን የምትጠብቀው ረነኑተት፣ በእባብ የምትመሰለው አምላካቸው፣ ስሟ ከዚሁ ግስ ጋር ይገናኛል። ለእሷ የተሰየመው ወር በቅብጦች (በግብፅ ክርስቲያኖች) አቆጣጠር ፓርሙቲ ተብሎ እስከ ዛሬ አለ፤ ከእኛ ሚያዝያ ጋርም ቀን በቀን ይገጥማል።