ማኅበረሰብ አቀፍ የአደጋ ስጋት ቅነሳ ምንድን ነው?

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. አጋማሽ በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ፣ በኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ፣ ከከባድ ዝናብ በኋላ ተራራ ተንዶ ጥቂት ቤቶችን ከነቤተሰቡ ቀበረ። የአካባቢው ሰው ወግ ነውና ዶማና አካፋውን ይዞ ደረሰ። ጭቃውን በመዛቅ ላይ እንዳለ ተራራው ዳግም ተናደ። በአደጋው ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ብዙዎቹ ሌላውን ለማዳን የሮጡ ነበሩ።

ማኅበረሰብ አቀፍ የአደጋ ስጋት ቅነሳ የሚባለው አንድ መንደር የሚያሰጋውን አደጋ ራሱ ለይቶ፣ ጉዳቱን አስቀድሞ የሚቀንስበትና ቀኑ ሲመጣ ማን ምን እንደሚሠራ የሚስማማበት አሠራር ነው። ስሙ ለስብሰባ ባነር የተሰፋ ቢመስልም ሥራው የመንደር ነው። ዝናብን ማንም አያስቀርም። ዝናቡ ስንት ሰው ይዞ እንደሚሄድ የሚወስነው ግን ቤቱ የት እንደተሠራ፣ ተዳፋቱ እንዴት እንደታረሰና ወሬው በስንት ደቂቃ እንደደረሰ ነው።

መሬት ከመናዱ በፊት ብዙ ጊዜ ምልክት ያሳያል። ተዳፋቱ ላይ አዲስ ስንጥቅ ይወጣል፤ ዛፍና የአጥር እንጨት ወደ ቁልቁል ያጋድላል፤ ደህና ይዘጋ የነበረ በር ከመቃኑ አልገጥም ይላል፤ ጥርት ያለ ምንጭ ይደፈርሳል ወይም ባልነበረበት ቦታ ውኃ ይፈልቃል። ይህን ቀድመው የሚያዩት ውኃ የምትቀዳ ልጅና ከብት የሚያግድ እረኛ ናቸው። ያዩትን ለማን ይናገራሉ? የሰማውስ ሰው በእኩለ ሌሊት «ቤታችሁን ለቃችሁ ውጡ» ለማለት ድፍረት አለው? መልሱ በበጋ ካልተሰጠ በሐምሌ አይገኝም። ነፍስ ማዳንም ሥርዓት ይፈልጋል፦ ሁሉም በአንድ ጊዜ ወደ ናዳው አይገባም፤ አንድ ሰው ከናዳው መንገድ ውጭ ቆሞ ወደ ላይ እያየ ይጠብቃል፤ እሱ ሲጮኽ ሌላው ዶማውን ጥሎ ወደ ጎን ይሸሻል። ጥቂት ቀላል ስምምነቶች ናቸው፤ ገንዘብ አይጠይቁም።

በድሬዳዋ ነገሩ ሌላ መልክ አለው። ከተማዋን አቋርጦ የሚያልፈው የደቻቱ ወንዝ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ነው። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ግን በሌሊት ከሐረርጌ ደጋ የወረደው ጎርፍ በተኛ ሕዝብ ላይ ደርሶ ከ200 በላይ ሰው ገደለ። ዝናቡ የሚጥለው ላይ፣ ሰው የሚሞተው ታች ነው። እንዲህ ባለ ቦታ ትልቁ መሣሪያ ላይኛው ቀበሌ ውስጥ ነቅቶ የሚደውል ሰውና ታች ስልኩን የሚያነሣ ሰው ነው።

የሚገርመኝ ለዚህ ሥራ በየጊዜው አዲስ ኮሚቴ መቋቋሙ ነው። እድር እያለ! የእድር አባላት ዝርዝር አለ፤ የተቀመጠ ገንዘብ፣ ድንኳንና ወንበር አለ። ጎረቤታሞች ስለሆኑም የትኛው ቤት አልጋ የያዙ አዛውንት፣ የትኛው ቤት አራስ እንዳለች ያውቃሉ። ጥሩምባ ነፊውም ጎሕ ሳይቀድ ሰፈሩን ይቀሰቅሳል። ያው ጥሩምባ አነፋፉ ተለይቶ «ውኃ መጣ» ቢልበት፣ እነዚያን አዛውንት ማን እንደሚሸከም በስም ቢጻፍ፣ የሚሸሹበት ከፍታ ቢመረጥና ክረምት ሳይገባ አንድ ቀን ልምምድ ቢደረግ የእድሩ መዝገብ ላይ ሁለት ገጽ ቢጨምር ነው። በከባድ ዝናብ መብራትና ኔትወርክ ሊጠፋ ስለሚችል ጥሩምባው እንደ ድሮ ዕቃ መታየት የለበትም።

እንደ አፈር መሸርሸር ቀስ ብሎ ለሚመጣ አደጋ ደግሞ የኮንሶ ምሳሌ አለ። በ2003 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የኮንሶ የድንጋይ እርከን አፈሩን ይይዛል፣ ውኃውን ያሰርጋል፣ የተረፈውንም እርሻውን ሳይሸረሽር ያሳልፋል። በየትውልዱ በጋራ ጉልበት ስለሚጠገን ነው የቆመው። በዘመቻ ተሠርቶ ጠጋኝ ያጣ እርከን ግን አንድ ቦታ ሲደረመስ ውኃውን ሰብስቦ ቦረቦር ሊያወጣ ይችላል።

ከማኅበረሰቡ አቅም በላይ የሆነም አለ። ገደል አፋፍ ላይ የሚኖር ገበሬ ስጋቱን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም፤ ማሳው እዚያ ስለሆነ ነው። የሚዛወርበት የእርሻ መሬት፣ ውኃና ትምህርት ቤት ማዘጋጀት የእድር ሥራ ሊሆን አይችልም፤ የመንግሥት ነው። ማሳው የቀድሞው ቦታ ከቀረ ደግሞ የተዛወረው ሰው ለዘር ወቅት ተመልሶ ተዳፋቱ ላይ ጎጆ ይቀልሳል።